የጥሩምባ ነፊው የጠዋት ዙር

ደሳለ ወደ አንድ ሰው ግቢ ሲገባ ጎረቤት «ምን ፈልጎ ነው?» አይልም፤ «ማን ነው?» ነው የሚለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፈሩን እድር ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ሰው ነውና፣ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ ያየችው ሴት ሁሉ እጇ ሳታዘው ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። አንድ ቀን ወንፊት ሊዋስ ጎረቤት ቢሄድ፣ የቤቲቱ እመቤት ገና ከሩቅ አይታው ደረቷን እየመታች «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ማለት ስትጀምር፣ ወንድሟ ራሱ ከጓሮ ወጥቶ አብሯት አለቀሰ ይባላል። ይህን የሚያወራው ደግሞ ራሱ ደሳለ ነው።

እያሳቀ ያውራው እንጂ ነገሩ ለደሳለ ትልቅ ቅጣት ነበር። በላሊበላ እንደ እሱ ወሬ የሚወድ የለም። ትውልዱ ሙጃ በኩል ነው፤ በጎረምሳነቱ መጥቶ ፈረንጅ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጡ በቅሎዎች ኋላ ስንት ዓመት ተመላለሰ። ያንን ዳገት ከበቅሎዋ ጋር፣ ከፈረንጁ ጋር፣ ማንም ከሌለ ከራሱ ጋር እያወራ ነው የጨረሰው። ድምፁ ሸለቆ ተሻግሮ ስለሚሰማ እድሩ ጥሩምባውን ሰጠው። በኋላ መጀመሪያ ኮሮናው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ እንግዳውን ሲያስቀር በቅሎዋ ተሸጠች፤ ጥሩምባው ብቻ ቀረ። የሰፈሩን ጉድ ሁሉ በሆዱ ይዞ የሚዞር ሰው፣ የሚያወራለት አጣ። ሚስቱ ብርቅዬ፣ ሌላው ሰው ስለሚሸሸው ሁሉንም እኔ ላይ ነው የሚደፋው፣ ጆሮዬ ወለቀ እያለች ታማዋለች።

ባለፈው መስከረም ነው ነገሩ የተለወጠው። አያ ዘመኑ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ሞቱ፤ መሞታቸው የታወቀው ግን በሁለተኛው ቀን፣ ላማቸው አላቢ አጥታ ስትጮህ ነው። ቀብራቸው የሚያስቀና ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ወንዱ እንጨት ፈለጠ፣ ሴቱ ውኃ ቀዳ። በሳምንቱ እድሩ ሲሰበሰብ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባንቺዓለም እጇን አውጥታ ተነሣች።

«ለአያ ዘመኑ ለቀብራቸው ቀን ሠላሳ ጀሪካን ውኃ ቀድተናል» አለች። «ባለፈው ወር አንድ ጀሪካን ያደረሰላቸው ካለ ይንገረኝ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ፣ ሞት ሲመጣ የምንሠራውን ሥራ ሞት ሳይመጣ ብንጀምረው ማን ይከለክለናል አሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ተቆጠሩ፤ ሰባት ሆኑ። ልጆቻቸው ወልድያ፣ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱም የት እንዳለ የማይታወቅ ነው። አባላቱ በተራ ውኃና እንጨት ሊያደርሱ፣ ባንቺዓለም የደም ግፊታቸውን ልትለካ፣ አቅም ያለው ጎልማሳ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደግፎ ሊያደርሳቸው ተስማሙ። የቀረው በየጠዋቱ እየዞረ ማን ምን እንደጎደለው የሚያይ ሰው ነበር። መሪጌታ ብዙም አላሰቡም። የሁሉንም ደጅ የሚያውቅ፣ ቀኑን ሙሉ እግሩ የማያርፍ ደሳለ ነው አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። ብርቅዬ ብቻ ከኋላ ሆና ሳቋ አምልጧት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ለምን እንደሳቀች የጠየቃት ግን አልነበረም።

ደሳለ ሰኞ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ጋቢውን ደርቦ ዙሩን ጀመረ። የመጀመሪያው ቤት የእማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ነው። እማሆይ የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉ። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ለጉድ ነው። በተዳፋቱ ላይ ካለው ክብ የድንጋይ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የቤተ ማርያምን ቅዳሴ ይሰማሉ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ደግሞ የጎረቤቱን ጠብ ይሰማሉ።

ደሳለ በራቸው ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ። ይህን ከአጥሩ ማዶ ያየችው ጎረቤታቸው ሸጌ ነበረች። የያዘችውን ሰፌድ ጥላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ቀጥሎም፣ እንደ ቅን ጎረቤት፣ ኮን ከተማ አስተማሪ ለሆነው ለእማሆይ አንድ ልጅ ለሰውአገኝ ደወለች።

በላስታ ሰው መሞቱ በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ሸጌ የሚባለውን አለች፤ እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ለማንኛውም ቶሎ ድረስ። ሰውአገኝም ሰው የሚረዳውን ተረዳ። ጠመኔውን አስቀምጦ ከክፍል ወጣ።

ቤት ውስጥ ደሳለ የውኃውን እንስራ እያየ፣ እንጨቱን እየቆጠረ፣ እማሆይ ምን እንደሚቸግራቸው ሲነግሩት፣ ውጭ ለቅሶው ተጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ሴት፣ ቀጥሎ አሥር፤ ከዚያ የሰፈሩ አስለቃሽ ደርሳ ግጥም ማውረድ ያዘች። ደሳለ ደንግጦ ሊወጣ ሲል እማሆይ ጋቢውን ያዙት።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ምን እንደሚሉኝ ልስማ።»

ሰሙ። ደግነታቸው ሲነሣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእጃቸው ጠላ ሲመሰገን «እሱስ እውነት ነው» አሉ። ሸጌ «እናቴ ነበሩ፣ አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም» እያለች ስታለቅስ ግን ከዚያ በላይ መታገሥ አቃታቸው። በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉና ባለፈው ዓርብ ዶሮሽ ጎመኔን ስትጨርሰው ምን ነበር ያልኩሽ ብለው ጠየቋት።

ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። አስለቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ደሳለ ዞሮ ይሰድበው ጀመር፤ ለምን ጉሮሮህን ጠረግህ፣ ለምን ጋቢ ለበስህ፣ ይህን ፊት ይዘህ በጠዋት ሰው ቤት ትገባለህ ወይ እያለ። ደሳለም ፊቱን የት ጥሎ እንደሚመጣ ግራ ገባው።

ስድቡ ሲበርድ ነው ሸጌ መደወሏ ትዝ ያላት። መሪጌታ ስልኩን ራሳቸው ያዙት። ልጄ፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ስህተት ነው፣ ተረጋግተህ ባለህበት ቆይ አሉት። በአገሩ ልማድ ደግሞ መርዶ ላልተነገረው ሐዘንተኛ ይህንኑ ነው የሚሉት። ሰውአገኝ እስከዚያች ደቂቃ የነበረችው ጭላንጭል ተስፋ ጠፋችና ስልኩን ዘጋው። እማሆይ ለራሴ ስጡኝ ብለው ቢያስደውሉ፣ ቢያስደውሉ፣ ከዚያ በኋላ አልከፈተውም።

ከሰዓት በኋላ በጋሸና በኩል ደረሰ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ግራና ቀኝ ብብቱን ደግፈውታል፤ ዓይኑ አብጧል። «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ግቢው ሲገባ እማሆይ ደጃፍ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ልጃቸውን እንዲህ ሆኖ ሲያዩት ባቄላው ከጭናቸው ተበተነ።

«ምነው ልጄ» አሉት። «ማን ሞተ?»

ሰውአገኝ መሬት ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ቆብ ከደፉ ወዲህ አገር ሁሉ አንቱ ሲላቸው እሱ ብቻ አንቺ ማለቱን አልተወም።

«እማ፣ ዛሬ ከኮን እስከዚህ ድረስ ስቀብርሽ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ አሟታል ቢሉኝ ሞታለች ነው የምለው፤ ደህና ናት ቢሉኝም ሞታለች ነው የምለው። የምን ወሬ አምኜ እተኛለሁ? እሑድ እቃሽን እንጭናለን።»

የተናገረው ልክ ነበር። እማሆይም ዝም አሉ። ደሳለ ግን ዝምታቸውን አይቶ ልቡ ተሰበረ። ስንት የተዘጋ ቤት የሚያውቅ ሰው ነው፤ አሮጊት ከቤቷ ስትነቀል ምን ዓይነት ዝም እንደምትል ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰውአገኝ ወደ ከተማ ወርዶ ሳለ፣ እማሆይ ለደሳለ የሆዳቸውን ነገሩት። ልጃቸው ደግ ነው፣ ሚስቱም ከሱ የባሰች ደግ ናት፤ ኮን ሄደው ቢቀመጡ አንዳች አይጎድልባቸውም።

«ግን እዚያ የማንን ወሬ ልሰማ ነው?» አሉት። «ባለፈው ፋሲካ ከርሜ አይቼዋለሁ። እነሱ አውርተው ሲስቁ እኔ ‹እሱ ደግሞ ማነው?› እያልኩ ነው የሚመሽብኝ። እዚህ ሰው ሲያስል እንኳ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ማንንም በማላውቅበት አገር መቀመጥ መቀበር ማለት ነው፣ አያ ደሳለ። አንተ ይገባሃል።»

ደሳለ ገባው። ከእሱ በላይ ለማን ይግባው። ወዲያው ወርዶ ሰውአገኝን ገበያው አጠገብ አገኘውና ልመና ጀመረ። በየጠዋቱ እሄዳለሁ፣ በየጠዋቱ እደውልልሃለሁ፣ እሳቸውን ተዋቸው አለው። ሰውአገኝ በምሬት ፈገግ አለ። ሌላው ሰው ሲደውል የሚያስደነግጠው ሳያንስ ጥሩምባ ነፊ ሊደውልልኝ ነው ወይ፣ ደውለህስ ምን ብትለኝ ነው የማምንህ ሲል ጠየቀው።

«ደህና ናቸው አልልህም» አለ ደሳለ። «እንዲያ ብዬ ከተገኘሁ መኪና ይዘህ ና። እኔ የምነግርህ ምን እንደበሉ፣ ማንን እንዳሙ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ ነው። የሞተ ሰው ጠብ ፈጥሬ ላወራልህ አልችልም።»

ሰውአገኝ ሳይወድ ሳቀ። እስከ ገና ድረስ ተስማሙ። አንድ ጠዋት ቢታለፍ፣ ወይም አንዲት የማጽናኛ ቃል ጆሮው ብትገባ፣ እናቱን ይወስዳል።

ከዚያ ወዲያ ደሳለ አገባቡን ለወጠ። ጋቢውን ቤት ትቶ ጀሪካን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ጉሮሮ መጥረግ እርም አለ። ገና ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ወሬውን በረጅሙ ይለቀዋል፤ የእገሌ በግ መንታ ወለደች፣ የእገሌ ሠርግ ተራዘመ፣ ምክንያቱን ስደርስ እነግራችኋለሁ እያለ። ሰው ግን በአንድ ቀን አያምንም። ከሰባቱ አንዱ የሆኑት አባ ገብረ ሊባኖስ በመጀመሪያው ሳምንት በሩን ከውስጥ ቀርቅረው «ሂድ አያ ደሳለ፣ እኔ ገና ነኝ» አሉት። ደሳለም ውኃውን ደጅ አስቀምጦ፣ የሠርጉን ወሬ ግማሹን በበሩ ቀዳዳ ነግሯቸው ሄደ። በማግስቱ ቀሪውን ለመስማት በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዙሩ መልክ ያዘ። ውኃና እንጨቱ በተራ ይመጣል፤ ተራውን የረሳ አባል ካለ ደሳለ ስሙን በሰባት ቤት ያዳርሰዋልና የሚረሳ ጠፋ። አረጋውያኑ ደግሞ ከውኃው ይልቅ እሱን መጠበቅ ጀመሩ። አንዱ ቤት የሰማውን ለሌላው ያደርሳል፤ ከቤት መውጣት ያቃታቸው ሁለት የዱሮ ባልንጀሮች በእሱ አፍ ይቀላለዳሉ፣ በእሱ አፍ ይኮራረፋሉ። ባንቺዓለም መድኃኒት መውሰድ ያቆመ ሲኖር ለደሳለ ሹክ ትለዋለች፤ በማግስቱ ሰውዬው ለምን እንዳቆመ፣ የትኛው ትራስ ሥር እንደደበቀው ጭምር ወሬው ይደርሳታል።

ስልኩም አልታለፈም። ዛሬ እማሆይ ሽሮው ጨው በዛበት ብለው ሸጌን አስቀይመዋል። ዛሬ አዲሱ ዲያቆን ዜማ ስቷል ብለው ከደጃፋቸው ሆነው አርመውታል፤ ዲያቆኑ ግን አልሰማም። ዛሬ ከሸጌ ጋር ታርቀዋል፣ በሽሮው ግን አሁንም አቋማቸው ያው ነው። ሰውአገኝ መጀመሪያ እየፈራ ነበር የሚያነሣው፤ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ሚስቱም ጆሮዋን ስልኩ ላይ ትለጥፍ ጀመር።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ብርዱ በበረታበት ሰሞን፣ እማሆይ ታመሙ። ደሳለ ሲደርስ ከአልጋ አልወረዱም፤ ትኩሳት አላቸው፣ ሳሉ ደረታቸውን ይሰነጥቀዋል። ባንቺዓለም በጥሪው ደርሳ ለካቻቸው፤ ከጤና ጣቢያ ነርስ አስመጥታ መድኃኒት ተጀመረ። ሸጌ ያለፈውን ሁሉ ትታ ፍራሿን ይዛ መጣችና እስኪሻላቸው እዚሁ ነኝ አለች።

የቀረው ስልኩ ነበር። እማሆይ የደሳለን እጅ ያዙ። በሰማንያ ዘመናቸው ሰው ዋሽልኝ ብለው የለመኑት ያን ቀን ብቻ ነው። ካወቀ ይወስደኛል፣ ይህን ቀን እለፍልኝ፣ ሲሻለኝ ትነግረዋለህ አሉት። ሸጌም ደገፈቻቸው። መሪጌታም ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር፣ ሩቅ ላለ ሰው ሕመም መንገር ማስጨነቅ ነው፣ ይቆይ አሉ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ያንን ነው፤ ሕመምን መደበቅ ለዘመድ ማዘን ነው።

ደሳለ ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ቢናገር እማሆይ ይሄዳሉ፤ የሚሄዱትም በእሱ አፍ ነው። ባይናገር ዛሬ ያልፋል፤ ግን ከዛሬ በኋላ የሚያወራው ሁሉ፣ ዶሮውም ሽሮውም፣ ያው እንደ ሌላው ሰው ማጽናኛ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ዓመት ጥሩምባ ሲነፋ አንድ ቀን ውሸት አውጆ አያውቅም፤ ሰው የሚሸሸውም እኮ ስለሚያምነው ነው። ይህ አስቦት የማያውቀው ነገር ነበርና ራሱንም ገረመው።

ደወለ።

«ሰውአገኝ፣ ስማኝ፣ ሳታቋርጠኝ ስማ» አለ። «ትናንት ማታ ሳል ጀመራቸው፤ ዛሬ ትኩሳታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ነርሷ ሳንባቸውን ብርድ መትቶታል ብላ መድኃኒት ጀምራላቸዋለች፤ አምስት ቀን ይወስዳሉ። አጃ ሾርባ ሦስት ማንኪያ ጠጥተው የቀረውን ለሸጌ መልሰዋል። ሸጌ አብራቸው ታድራለች። እንዳልነግርህ ለምነውኛል። ሁሉንም እንዳለ ነው የነገርኩህ፤ ከዚህ የደበቅኩት የለም።»

ሰውአገኝ፣ ሾርባውን ለምን መለሰችው ብሎ ጠየቀ።

«ሸጌ እንደለመደችው ጨው አብዝታለች አሉ።»

ሰውአገኝ ነገም ደውል አለና ዘጋ።

እማሆይ መነገሩን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ደሳለ ሲገባ አላናገሩትም፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ አሁንም አላናገሩትም። ደሳለ ያንንም ደውሎ ተናገረ፤ ከኔ ጋር ተጣልተዋል፣ ወሬኛ ብለው በሸጌ በኩል ልከውብኛል አለ። ልጁ ቅዳሜ እመጣለሁ አለው። ደሳለ መኪና ይዘህ ነው ወይ ብሎ ለመጠየቅ አፉ እምቢ አለው።

ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ሰውአገኝ በሕዝብ አውቶቡስ መጣ። ክንዱ ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ፤ ሌላ ነገር አልያዘም። እማሆይ መምጣቱን ሲሰሙ ተነሥተው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ጤነኛ ሰው ለመምሰል ደጃፍ ቆመው ጠበቁት።

«ግቢና ተኚ እማ» አላቸው። «ሦስተኛ ቀንሽ ላይ ትኩሳትሽ እንደለቀቀሽ አውቃለሁ። እንቁላሉን እምቢ እንዳልሽም አውቃለሁ፤ ጾም መሆኑንም አውቃለሁ። የሚደበቅ ነገር የለም።»

አስገብቶ አስተኛቸው፤ ብርድ ልብሱን ደረበላቸው። ሸጌን አመሰገናት፤ ባንቺዓለም ዘንድ ሄዶ የመድኃኒቱን ነገር ጠየቀ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደሳለ ጀሪካኑን ይዞ ሲመጣ ሰውአገኝ ደጃፍ ተቀብሎት ከትከሻው አወረደለት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኮን ብትሆንም ትታመም ነበር፣ እኔ ግን ትምህርት ቤት ስውል ከአጠገቧ ማን ይኖር ነበር አለው። ይህን ሲናገር እጁ የጀሪካኑን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«እስከ ገና ያልነውን ተወው» አለ በመጨረሻ። «ትኑር። አንተ ብቻ መደወልህን አታቋርጥ።»

ደሳለ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብሎ ወደ ትከሻው መለሰው።

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። በደሳለ ላይ ለአምስት ቀን ተዘግቶ የከረመው የእማሆይ አፍ ተከፈተ።

«አያ ደሳለ፣ ምን እያላችሁ ነው?» አሉ። «ወደ እኔ ቀረብ ብላችሁ አውሩ እንጂ።»